ኳሱ እግርህ ላይ በሌለበት ጊዜ

የፈተና ወር በደረሰ ቁጥር በየቤቱ አንድ ዓይነት ክርክር ይሰማል። ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ጫማው ተቀዷል፤ ሱሪው ጉልበቱ ላይ አፈር ለብሷል፤ ደብተሩም የግብ ምሰሶ ሆኖ ስለዋለ ጥጉ ተጣጥፏል። አባት «ኳስ እንጀራ አይሆንህም!» ብለው ይቆጣሉ። ልጅም አንገቱን ደፍቶ ይሰማና በማግሥቱ ተመልሶ ወደ ሜዳው ይሄዳል። በሌላ በኩል ደግሞ ስፖርትን የሚያመሰግኑ ሰዎች አሉ። እነርሱም በየስብሰባው ተነሥተው «ኳስ ጤና ነው፤ ኳስ ጨዋነት ነው፤ ኳስ ፍቅር ነው» ይላሉ። ነገር ግን ኳስ የመታ ሁሉ ጨዋ የሚሆን ቢሆን ኖሮ በጨዋታ መካከል ዳኛ የሚሰድብ፣ የባልንጀራውንም እግር ሆን ብሎ የሚረግጥ ተጫዋች ባላየንም ነበር።

የአባትየው ቁጣም ሆነ የአመስጋኞቹ ንግግር ከፊል እውነት አለው። ሁለቱም ግን አንድ ጥያቄ ሳይጠይቁ ያልፋሉ። ኳስ ተማሪውን ያሳድገዋል ከተባለ፣ የሚያሳድገው በየትኛው ሰዓት ነው? ጎል ሲያገባ ነው? ሦስት ሰው አታልሎ ሲያልፍ ነው? ወይስ ሌላ ሰዓት አለ?

ውድ አንባቢ፣ እርሳስህን አንሣና አብረን እናስላ። አንድ ሙሉ ጨዋታ 90 ደቂቃ ነው። ኳሱ ወደ ውጭ ሲወጣ፣ ቅጣት ምት ሲዘጋጅ፣ የወደቀው ተጫዋች እስኪነሣ ሲጠበቅ የሚያልፈው ጊዜ ሲቀነስ፣ ኳሱ በእውነት በጨዋታ ላይ የሚቆየው አብዛኛውን ጊዜ ከ60 ደቂቃ አይበልጥም። ይህን 60 ደቂቃ በሜዳው ላሉት 22 ተጫዋቾች እኩል ብናካፍለው ለአንዱ የሚደርሰው ከ3 ደቂቃ በታች ነው፤ ያውም ኳሱ በአየር ላይ የሚበርበትን ሳንቀንስ። በትልልቅ ውድድሮች የሚሰለፍ ተጫዋች በአንድ ጨዋታ ከ10 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጣል፤ ከዚህ ሁሉ መንገድ ኳስ እየገፋ የሚሄደው ጥቂቱን ብቻ ነው። እንግዲህ የቀሩትን 87 ደቂቃዎች የሚያሳልፈው ያለ ኳስ ነው።

ተመልካች የሚያየው ሦስቱን ደቂቃ ነው። የሚጨበጨበውም፣ ፎቶግራፍ የሚነሣውም ለእነርሱ ነው። የልጁ ጠባይ የሚሠራው ግን በ87ቱ ነው ብዬ አምናለሁ። ምክንያቱን በየተራው ልግለጽ።

መጀመሪያ ዓይኑን እንይ። ጀማሪ ተጫዋች ኳሱ በሄደበት ሁሉ ይከተላል። በሰፈር ሜዳ የጨርቅ ኳስ የሚጫወቱ ሕፃናትን ያየ ሰው ያውቀዋል፤ ሁሉም እንደ ንብ መንጋ በአንድ ቦታ ይሰበሰባሉ፤ አቧራው ከፍ ይላል፤ ኳሱ ግን ከዚያች ቦታ ንቅንቅ አይልም። እያደረ አንዱ ልጅ ከመንጋው ፈቀቅ ብሎ መቆም ይጀምራል። «ኳሱ ከዚህ ቢወጣ ወዴት ይሄዳል?» ብሎ ማሰብ ጀምሯል ማለት ነው። ቀጥሎም ኳሱ ሳይደርሰው በፊት ግራና ቀኙን ማየት ይለምዳል፤ ሲደርሰው የሚያቀብለውን ሰው አስቀድሞ መርጧል። ይህ ልማድ ከሜዳ ወደ ክፍል ተሸጋግሮ ሲሄድ፣ መምህሩ ነገ የሚያስተምሩትን ዛሬ ማታ ገለጥ አድርጎ የሚያይ ተማሪ ይወጣዋል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ የፈተና ዋዜማ ሌሊቱን ሙሉ የሚያነብ ልጅ ኳሱ እግሩ ሥር ከደረሰ በኋላ ወዴት ልምታው ብሎ የሚደናገጠውን ተጫዋች ይመስላል።

ሁለተኛው ለራስ ጥቅም የማይሰጥ ሩጫ ነው። በክንፍ በኩል ያለው ልጅ ኳስ እንደማይደርሰው እያወቀ ወደ ማዕዘኑ ይፈተለካል። ተከላካዩም እርሱን ብሎ ይከተላል። ተከላካዩ በለቀቀው ባዶ ቦታ ሌላው ገብቶ ጎል ያስቆጥራል። ሕዝቡ ያስቆጠረውን በስሙ ጠርቶ ያጨበጭባል፤ የሮጠው ልጅ ግን በማዕዘኑ ቆሞ ትንፋሹን ይሰበስባል። እዚህ ላይ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ «ለምን እኔ ልሮጥለት?» ብሎ በሚቀጥለው ጊዜ መቆም ነው። ሌላው ደግሞ ወደ ባልንጀራው ሮጦ አብሮ መደሰት ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም ነው፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው የሚለውን ተረት በቃል ማወቅ ቀላል ነው፤ በ14 ዓመት ዕድሜ፣ ላብ እያንጠፈጠፈ፣ በሌላ ሰው ጎል መደሰት ግን ከባድ ትምህርት ነው። ከመጽሐፍ የሚገኝም አይመስለኝም።

ሦስተኛው ኳሱን ከተቀማ በኋላ ያለው አምስት ሰከንድ ነው። የአንድን ልጅ ጠባይ ለማወቅ የሚፈልግ አሠልጣኝ ከሌላው ጊዜ ሁሉ ይልቅ ይህን ይመልከት። አንዱ ልጅ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ይቆማል፤ ወይም ወደ አቀባዩ ዞሮ «ምን ዓይነት ኳስ ነው የሰጠኸኝ!» ይላል፤ ወይም ዳኛውን ይማጠናል። ሌላው ልጅ ፊቱን አዙሮ ወደ ኋላ ይሮጣል፤ ያጠፋውን በእግሩ ይክሳል። በሂሳብ ፈተና 40 ያገኘውም ተማሪ እንዲሁ ነው። መምህሩን የሚያማ አለ፤ ወረቀቱን አጣጥፎ በኪሱ ከትቶ የሳተውን ጥያቄ ለመሥራት ወደ ቤቱ የሚሄድም አለ።

አራተኛው ፊሽካው ነው። ዳኛ ሰው ነውና ይሳሳታል። ያልነካኸውን ነካህ ይልሃል፤ ጎል ያገባኸውን ሕገ ወጥ ነው ይልሃል። ያን ጊዜ ደምህ ፈልቶ ሳለ ኳሱን መሬት ላይ አስቀምጠህ ወደ ቦታህ መመለስ አለብህ። ይህ ፍርሃት አይደለም። ያለ ሕግ ጨዋታ እንደሌለ ማወቅ ነው። የእግር ኳስን ሕግ ጽፈው ካደራጁት ቀደምት ሰዎች መካከል ተማሪዎች እንደነበሩበት ብዙ ሰው አያስታውሰውም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1848 በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የተገናኙ ወጣቶች እያንዳንዳቸው ከየትምህርት ቤታቸው ልዩ ልዩ ሕግ ይዘው መጥተው ነበር። አንዱ በእጅ መያዝ ይፈቀዳል ሲል ሌላው አይፈቀድም ይል ስለነበረ አብረው ለመጫወት አልቻሉም። ስለዚህ ተቀምጠው ተከራክረው አንድ የጋራ ሕግ ጻፉ። የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር ተቋቁሞ ሕጉን በሰፊው ያወጣው ከዚያ በኋላ በ1863 ነው። እንግዲህ ተማሪ ለፊሽካው ሲታዘዝ፣ እንደ እርሱ ያሉ ተማሪዎች መጫወት እንዲቻል ብለው ለተስማሙበት ነገር መታዘዙ ነው።

አምስተኛው ከሁሉ ይመርራል፤ እርሱም የተጠባባቂ ወንበር ነው። ሳምንቱን ሙሉ የተለማመደ ልጅ ቅዳሜ ስሙ ሳይጠራ ሲቀር ምን ያደርጋል? ማልያውን ጥሎ የሚሄድ አለ። የጓደኛው መሳሳት በልቡ ደስ የሚያሰኘውም አይጠፋም። ሹራቡን ደርቦ ተቀምጦ፣ ተቃራኒው ቡድን በየት በኩል እንደሚደክም እያጠና፣ ተራው ሲደርስ ዝግጁ ሆኖ የሚገኝም አለ። ይህ ሦስተኛው ልጅ በሕይወቱ ብዙ ነገር ይጠብቀዋል፤ እድገት ይጠብቃል፣ የትምህርት ዕድል ይጠብቃል፣ የሥራ ማስታወቂያ ይጠብቃል። እየተዘጋጁ መጠበቅን ግን አስቀድሞ ተምሯል።

ይህን ሁሉ ስናገር «ወሬ ነው» የሚል አንባቢ ቢኖር፣ ከአገራችን ታሪክ አንድ ምስክር ልጥራ።

በየካቲት 1949 ዓ.ም. የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ በካርቱም ሲደረግ ቡድናችን በፍጻሜው በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈ። አራቱንም ጎል ያገባው አንድ ሰው፣ አድ ዲባ የሚባለው አጥቂ ነበረ። ይህ የሚያሳፍር ሽንፈት ነው ተብሎ ኳሱ ቢተው ኖሮ ነገሩ እዚያው ባበቃ ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ በአዲስ አበባ ስታዲዮም የዚያው ዋንጫ ፍጻሜ ሆነና ሁለቱ ቡድኖች እንደገና ተገናኙ፤ ግብፅ ያን ጊዜ የተባበረችው የዓረብ ሪፐብሊክ ትባል ነበር። በ35ኛው ደቂቃ እንግዶቹ ቀደሙ። የእኛዎቹ አቻ ለመሆን እስከ 74ኛው ደቂቃ መልፋት ነበረባቸው። የሕዝቡ እልልታ ገና ሳይበርድ በ75ኛው ደቂቃ ሁለተኛ ጎል ገባባቸው።

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ቆም በል። ለ39 ደቂቃ ደክመህ ያገኘኸው ነገር በአንድ ደቂቃ ሲወሰድብህ ምን ትሆናለህ? የቀረው ሩብ ሰዓት ብቻ ነው። ጉልበት ደክሟል። እጅን ወገብ ላይ አድርጎ ለመቆም ከዚህ የተሻለ ምክንያት አይገኝም። በ84ኛው ደቂቃ ግን አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ አቻ አደረገ። በተጨማሪው ሰዓት በ101ኛው ደቂቃ ወንድሙ ኢታሎ፣ በ117ኛውም መንግሥቱ ወርቁ አገቡና 4 ለ 2 ተፈጸመ። ዋንጫውም በአገር ቀረ። ሁላችንም አራቱን ጎሎች እንቆጥራለን፤ እኔ ግን ከ75ኛው እስከ 84ኛው ያሉትን ዘጠኝ ደቂቃዎች አደንቃለሁ።

የዚያ ቡድን አሠልጣኝ የነበሩት አቶ ይድነቃቸው ተሰማም ለነገራችን ሁለተኛ ምስክር ናቸው። የታወቁት የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ልጅ ሲሆኑ የተወለዱት በ1914 ዓ.ም. ነው። በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተማሩ፤ በ1928 ዓ.ም. ለተመሠረተው ለቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድንም ዘመናቸውን ሰጥተው ተጫወቱ። ወጣትነታቸው ግን ያለፈው በወረራው ዘመን፣ ሰው በቆዳው ቀለም በሚለይበት ጊዜ ነበረ። ከነጻነት በኋላ ተጫዋች ብቻ ሆነው ለመቅረት አልወደዱም። የስፖርቱን አስተዳደር ከመሠረት ካቆሙት ሰዎች አንዱ ሆኑ፤ በ1949 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሲቋቋምም ከመሥራቾቹ መካከል ነበሩ።

ያን ጊዜ መሥራቾቹ አገሮች ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አልልክም፤ ወይ ሁሉም ነጭ ወይ ሁሉም ጥቁር ይሆናል በማለቷ ከውድድሩ ወጣች። አቶ ይድነቃቸው በዚህ ጉዳይ ዕድሜያቸውን በሙሉ ሲታገሉ ኖረዋል። በ1958 ዓ.ም. ለሚደረገው የዓለም ዋንጫ ደግሞ ለአፍሪካ አንድ እንኳ የራሷ ቦታ ሳይሰጣት ቢቀር የአፍሪካ አገሮች ከውድድሩ እንዲቀሩ ከተሟገቱት አንዱ ከጋናው ኦሄኔ ጃን ጋር እርሳቸው ነበሩ። ክርክሩም ፍሬ አፍርቶ በ1962 ዓ.ም. በሜክሲኮ በተደረገው ዋንጫ ለአፍሪካ አንድ ቦታ ተሰጠ፤ ሞሮኮም ገባችበት። ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ ነሐሴ 1979 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆነው ሠሩ። በጫማቸው ካገቡት ጎል ሁሉ ይልቅ፣ ኳስ ሳይነኩ በስብሰባ አዳራሽ ያደረጉት ሩጫ ለአህጉሩ የበለጠ ጠቀመ።

አሁን ደግሞ ወደ አባትየው ቁጣ እንመለስ፤ እውነት ከፊል አለው ብዬ ነበርና። ኳስ ልጅን ሊያበላሽም ይችላል። የሚያበላሸውም ሦስቱን ደቂቃ ብቻ እንዲወድ ስናስተምረው ነው። ጎበዝ ተጫዋች ነው ተብሎ የቤት ሥራ ሳይሠራ የሚታለፍ፣ ለትምህርት ቤቱ ዋንጫ ያመጣል ተብሎ የማይገባው ማርክ የሚጨመርለት ተማሪ ተጠቅሟል የሚል ካለ ተሳስቷል። ጉልበቱ እስካለ ድረስ ተጨበጨበለት እንጂ ምንም አልተሰጠውም። እግር ይሰበራል፣ ጡንቻ ይደክማል፤ ከሺህ ልጆች መካከል በኳስ የሚተዳደሩት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ከ12ኛ ክፍል የቀረ ተጫዋች በ20 ዓመቱ ጉልበቱ ቢጎዳ ጭብጨባው ኪራይ አይከፍልለትም።

ኳስና መጽሐፍ አብረው አይኖሩም ማለቴ ግን አይደለም። የብራዚሉ ሶቅራጥስ ለአንድ የአውራጃ ቡድን እየተጫወተ ሕክምና ይማር ነበር፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1977 በሐኪምነት ተመረቀና በማግሥቱ ዓመት ወደ ታላቁ ኮሪንቲያንስ ገባ። በ1982ቱ የዓለም ዋንጫም የአገሩ ቡድን አምበል ሆነ። እርሱም ቢሆን በሁሉ ነገር ምሳሌ አይሆንም፤ ሐኪም ሆኖ ሳለ ሲጋራውንና መጠጡን ስላልተወ በ57 ዓመቱ በ2011 ሞተ። ሜዳ ብቻውን፣ ዲግሪም ብቻውን ሰውን ከራሱ አያድንም።

ከአንባቢዎቻችን መካከል በአነስተኛ ደመወዝ ታናሽ ወንድም ወይም ታናሽ እህት የሚያስተምሩ ብዙ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊዎች አሉ። እነርሱም «ልከልክለው ወይስ ልተወው?» እያሉ ይጨነቃሉ። ለእነርሱ ጥቂት ምክር ልስጥ።

አንደኛ፣ አትከልክል፤ ተዋዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያለ ልጅ በቀን በአማካይ ቢያንስ 60 ደቂቃ ሰውነቱን እንዲያንቀሳቅስ ይመክራል። ስለዚህ የአንድ ሰዓት ልምምድ የተሰረቀ ጊዜ አይደለም። ውሉ ግን የታወቀ ይሁን፦ የቤት ሥራው በሰዓቱ ካልተሠራ የቅዳሜው ጨዋታ ይቀራል። ቃልህንም ጠብቅ፤ ቅጣቱን አንድ ቀን ከተውከው ፊሽካው ያልሰማ ዳኛ ትሆናለህ።

ሁለተኛ፣ እንቅልፉን ጠብቅለት። ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት ይገባዋል። ማታ ያጠና ዘንድ እንቅልፍ የተነፈገ፣ ጧት ለልምምድ የሚቀሰቀስ ልጅ በሁለቱም ይከስራል።

ሦስተኛ፣ ሕመሙን አትናቅ። በማደግ ላይ ያለ ልጅ ከጉልበቱ ዝቅ ብሎ፣ ጅማቱ ከአጥንቱ በሚያያዝበት ቦታ ሲያብጥና ሲያመው «ወንድ ልጅ ይቻል» አትበለው። አጥንቱ ገና እያደገ ሳለ ሩጫና ዝላይ ሲበዛበት የሚመጣ ነው፤ ሩጫውን ቀነስ ማድረግና ሐኪም ማማከር ይበጃል፤ እድገቱ ሲያበቃ አብዛኛውን ጊዜ ይተወዋል። ጭንቅላቱን ተመትቶ የዞረበት ልጅ ግን በዚያው ቀን ተመልሶ ሜዳ መግባት የለበትም፤ ጀግና ለመምሰል የሚደረግ ጨዋታ አይደለም።

አራተኛ፣ ለእህትህም ይህንኑ ፍቀድላት። ዛሬ ሴቶች የራሳቸው ሊግ አላቸው፤ ሉሲ የተባለው ብሔራዊ ቡድንም አገሩን ወክሎ ይጫወታል። ከላይ የቆጠርኳቸው አምስቱ ትምህርቶች ለወንድ ብቻ የተሰጡ አይደሉም።

አምስተኛ፣ ከጨዋታ ሲመለስ «ስንት አገባህ?» ብለህ አትጠይቀው። «ማንን አገዝክ? ሲገባባችሁስ ምን አደረግህ?» በለው። ልጅ የሚጠየቀውን ነገር ያሳድጋል።

በመጨረሻ፣ ጫማውን ከሰቀለ ጥቂት ዓመት ለሆነው፣ ዛሬ ጠረጴዛ ላይ ለተቀመጠው ወጣት ሠራተኛ አንድ ቃል አለኝ። መሥሪያ ቤት ከሜዳ እምብዛም አይለይም። ፋይሉን እንደ ኳስ ይዞ፣ ባለ ጉዳይን «ነገ ተመለስ» እያለ ሲያመላልስ የሚውል ጸሐፊ አለ፤ አብዶ የሚሠራ ይመስለዋል እንጂ ጨዋታውን ገድሎታል። ፋይሉ ሳይደርሰው ወዴት እንደሚመራው የሚያውቅ፣ ባልንጀራው ሲመሰገን ፊቱ የማይጠቁር፣ አለቃው ባይፈርዱለትም ሥራውን የማያቋርጥ ሌላ ጸሐፊም አለ። ይህኛው በልጅነቱ ስንት ጎል እንዳገባ አላውቅም። ምናልባትም አንድ አላገባ ይሆናል፤ ወደ ማዕዘኑ ግን ብዙ ጊዜ ሮጧል።